ስለ ጆሮ አሠራርና በናይሮቢ ስለሚተከለው የመስሚያ መሣሪያ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ የሚነገረው ሰው በስተኋላው የሚወራበትን ሐሜት ስለማይሰማ ነው፤ ነገር ግን ስለ ጆሮ አሠራር ጥቂት ለማወቅ የሞከረ ሰው ምሳሌው ሌላም እውነት እንዳለበት ይገነዘባል። ጥርሱን የታመመ ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል፤ ዓይኑን የታመመም በማግስቱ ሐኪም ይፈልጋል። ጆሮው እየደከመ የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ ሌሎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ይመስለዋል እንጂ ጉድለቱ ከራሱ መሆኑን አያውቅም። ሳይሰማ የተወለደ ሕፃን ደግሞ በዓለም ላይ ድምፅ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ስለማያውቅ ለእናቱ አቤቱታ ሊያቀርብ አይችልም።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሦስት ነገሮችን ለአንባብያን ልንገልጽ አስበናል። አንደኛ፣ ጆሮ ድምፅን ከውጭ ተቀብሎ ለአንጎል እንዴት እንደሚያደርስ፤ ሁለተኛ፣ ይህ መንገድ ሲበላሽ ሐኪሞች በጆሮ ውስጥ የሚተክሉት የኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ፤ ሦስተኛ፣ መሣሪያውን ለልጁ ለመግዛት የሚያስብ አባት ከዋጋው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከኬንያ ዋና ከተማ ከናይሮቢ ነው። ይህች ከተማ ለምሥራቅ አፍሪካ ታላቅ የንግድና የሕክምና ማዕከል ከመሆንዋም በላይ፣ በኢስሊ ሰፈርዋ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩባታልና ነገርዋ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የመዶሻው ድምፅ

ወደ ናይሮቢ የሄደ ነጋዴ ካሙኩንጂ የሚባለውን ሰፈር ሳያውቀው አይቀርም። ከጊኮምባ ገበያ አጠገብ በሚገኘው በዚህ ሰፈር ብዙ የብረት ሠራተኞች ከጧት እስከ ማታ ቆርቆሮና አሮጌ በርሜል እየቀጠቀጡ የልብስ ሣጥን፣ የከሰል ምድጃ፣ መጥበሻና የእጅ ጋሪ ይሠራሉ። አገሬው እነዚህን ሠራተኞች «ጁዋ ካሊ» ይላቸዋል። ትርጓሜውም በስዋሂሊ ቋንቋ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣላቸው በጠራራ ፀሐይ ያለ ጥላ ስለሚሠሩ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ መዶሻውን አንሥቶ በብረቱ ላይ ሲያሳርፍ የሚወጣውን ድምፅ ይዘን እስከ አንጎል ድረስ እንከተለው።

መዶሻው ሲያርፍበት ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ የብረቱም መንቀጥቀጥ በአጠገቡ ያለውን አየር ይገፋዋል፤ የተገፋውም አየር ቀጥሎ ያለውን እየገፋ፣ ድንጋይ የተጣለበት ኩሬ ክብ ክብ እየሠራ እንደሚዛመት ሁሉ፣ ድምፁ በየአቅጣጫው ይዛመታል። ፍጥነቱ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከሠራተኛው 340 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው መዶሻው ሲወርድ በዓይኑ ካየ በኋላ ድምፁን የሚሰማው አንድ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። አየሩ በአንድ ሴኮንድ የሚንቀጠቀጥበት ቍጥር ጥቂት ሲሆን ድምፁ እንደ በገና ወፍራም፣ ብዙ ሲሆን ደግሞ እንደ ዋሽንት ቀጭን ይሆናል። የጤናማ ወጣት ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ጊዜ ጀምሮ እስከ 20,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ሊሰማ ይችላል።

ከራስ ቅል ውጭ የሚታየውና በተለምዶ ጆሮ የምንለው ክፍል ሥራው ድምፅን መሰብሰብ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ውስጥ የሚገኘው ኩክ ብዙ ሰው እንደሚያስበው እድፍ ሳይሆን አቧራና ተባይ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚከላከል ነው፤ ስለዚህ በክብሪት እንጨት እየጎረጎሩ ማውጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በቀዳዳው መጨረሻ ላይ የጆሮ ታምቡር የሚባል ስስ ቆዳ ተወጥሮ ይገኛል፤ ስፋቱ ወደ አንድ ሳንቲሜትር ይጠጋል። የመዶሻው ድምፅ እዚህ ሲደርስ ታምቡሩ እንደ ከበሮ ይንቀጠቀጣል።

ሦስቱ ትንንሽ አጥንቶች

ከታምቡሩ በስተኋላ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል ሲኖር፣ በውስጡ ሦስት አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይገኛሉ። የጥንት የአውሮጳ ሐኪሞች መልካቸውን አይተው አንደኛውን መዶሻ፣ ሁለተኛውን መስፍ፣ ሦስተኛውን እርካብ ብለው ጠርተዋቸዋል። እንግዲህ የካሙኩንጂው ሠራተኛ በውጭ መዶሻውን ሲያነሣና ሲጥል፣ በሚሰማው ሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ ሌላ መዶሻና ሌላ መስፍ አብረውት ይሠራሉ ማለት ነው። እርካቡ ርዝመቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰው አካል ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሹ እርሱ ነው።

የእነዚህ አጥንቶች ጥቅም ምንድር ነው? የውስጠኛው ጆሮ በፈሳሽ የተሞላ ነው፤ በአየር ላይ የሚመጣ ድምፅ ደግሞ ከፈሳሽ ጋር ሲገናኝ አብዛኛው ኃይሉ ነጥሮ ወደ አየር ይመለሳል። በቀይ ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ወደ ባሕር የጠለቀ ዋናተኛ ከጀልባው ላይ ሆኖ የሚጠራውን ጓደኛውን በደንብ አይሰማም። አጥንቶቹ ይህን ችግር ያስወግዳሉ። ታምቡሩ እርካቡ ከሚያርፍበት መስኮት 17 ጊዜ ያህል የሚሰፋ በመሆኑ፣ በሰፊው ቦታ ላይ ያረፈው ኃይል በጠባቡ ቦታ ላይ ይከማቻል፤ አጥንቶቹም እንደ ማንሻ ዘንግ ሆነው ስለሚያግዙ ግፊቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ሆኖ ወደ ፈሳሹ ይገባል።

ይህ መካከለኛ ክፍል ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ጠባብ ቧንቧ አለው። ቧንቧው የሚጠራው በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው ኢጣልያዊ ሐኪም በባርቶሎሜዮ ኤውስታኪ ስም ነው። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ከአሥመራ ተነሥቶ ወደ ምጽዋ የሚወርድ መንገደኛ በመንገድ ላይ ጆሮው ድፍን ይልበትና ምራቁን ሲውጥ ወዲያው የሚከፈትለት በዚሁ ቧንቧ ምክንያት ነው። የሕፃናት ቧንቧ አጭርና አግድም የተጋደመ ስለ ሆነ ጉንፋን ሲይዛቸው በሽታው በቀላሉ ወደ ጆሮ ይሻገራል፤ ጆሮአቸውም ይመግላል። የጆሮ መግል «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ሳይታከም ከቆየ ታምቡሩን ይበሳል፣ አጥንቶቹንም ይበላል።

በቀንድ አውጣው ውስጥ

እርካቡ የሚገፋው ፈሳሽ የሚገኘው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል በተጠመዘዘ የአጥንት ቧንቧ ውስጥ ነው። ይህ ቧንቧ ቢዘረጋ ርዝመቱ 35 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በመላ ርዝመቱ ላይ ስስ ሽፋን የተነጠፈ ሲሆን፣ በሽፋኑ ላይ ጫፋቸው ጠጉር የሚመስል ሕዋሳት ተሰልፈዋል። በ1851 ዓ.ም. ይህን ክፍል በአጉሊ መነጽር መርምሮ የገለጸው አልፎንሶ ኮርቲ የሚባል ኢጣልያዊ ሊቅ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። በአንድ ጆሮ ውስጥ ወደ አንጎል መልእክት የሚልኩት ሕዋሳት 3,500 ያህል ሲሆኑ፣ እነርሱን የሚያግዙና ደካማውን ድምፅ የሚያጐሉ ሌሎች 12,000 ያህል ሕዋሳት አሉ።

ሽፋኑ በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት አይደለም። በመግቢያው ላይ ጠባብና ጠንካራ፣ በመጨረሻው ጫፍ ላይ ሰፊና ልል ነው። ስለዚህ ቀጭን ድምፅ መግቢያውን፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ጫፉን አብልጦ ያንቀጠቅጣል። ይህን መርምሮ ያስረዳው ጌዮርግ ፎን ቤኬሺ የተባለው የሁንጋርያ ተወላጅ በ1961 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። እንግዲህ አንጎል የድምፁን ዓይነት የሚለየው መልእክቱ ከየትኛው ስፍራ እንደ ተላከ በመመልከት ነው፤ የቴሌግራም ሠራተኛ ወረቀቱን ሲያይ ከምጽዋ ወይም ከከረን መላኩን እንደሚያውቅ ዓይነት ነው። ጠጉራሞቹ ሕዋሳት መንቀጥቀጡን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጡታል፤ ምልክቱም 30,000 ያህል ክሮች ባሉት የመስሚያ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። የመዶሻው ድምፅ ተሰማ የምንለው በዚህ ጊዜ ነው።

ጆሮ የሚጎዳባቸው መንገዶች

ጉዳቱ በቀዳዳው፣ በታምቡሩ ወይም በሦስቱ አጥንቶች ላይ የሆነ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና ያድነዋል፤ ይህ ባይሆን ድምፅን የሚያጐላው ተራ የጆሮ መሣሪያ ይረዳል። ጉዳቱ የደረሰው በጠጉራሞቹ ሕዋሳት ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከሞቱ እንደ ጠጉርና እንደ ጥፍር ተመልሰው አይበቅሉም። የሚሞቱባቸውም ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ከቤተ ሰብ በዘር የሚወረስ አለ፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ሩቤላ የሚባለው በሽታ ሲይዛት የሚመጣ አለ፤ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝና ጆሮ ደግፍ ያስከተሉት አለ፤ ጄንታማይሲን የመሰሉ ብርቱ መድኃኒቶች ያለ በቂ ጥንቃቄ ሲሰጡ የሚደርስ አለ። ስለዚህ ክትባት የጆሮም ጠባቂ ነው። ኬንያ በ2016 ዓ.ም. የኩፍኝን ክትባት ከሩቤላ ክትባት ጋር አዋሕዳ መስጠት መጀመርዋ ብዙ ሕፃናትን ከመስማት ጉድለት የሚያድን ሥራ ነው።

ሌላው ምክንያት ጩኸት ነው። የዓለም ሐኪሞች በቀን ለስምንት ሰዓት ያለ ጉዳት ሊሰማ የሚችለውን የድምፅ ልክ 85 ዴሲቤል አድርገውታል። ልኩ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ስለሚቀንስ፣ 100 ዴሲቤል ለሆነ ጩኸት የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የካሙኩንጂ ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ፣ ማታቱ በሚባሉት የናይሮቢ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች የሚሠራው ረዳትም ሙዚቃው እየጮኸ እስከ ሌሊት ድረስ በጩኸት ውስጥ ይውላሉ። የኬንያ መንግሥት በ2005 ዓ.ም. ስለ ሥራ ቦታ ጩኸት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ከተማ ጩኸት ደንብ አውጥቷል። ነገር ግን ደንቡን ወደ ሥራ የሚያገባው ሹም የሠራተኛውን ጆሮ የሚሸፍን ርካሽ መከላከያ መኖሩን ካልተቆጣጠረ፣ ደንቡ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ከቮልታ እስከ ሜልቦርን

ጠጉራሞቹ ሕዋሳት ለሞቱበት ሰው ድምፅን ማጐላት፣ ማንም በሌለበት ቤት በር ላይ ቆሞ ጮኾ እንደ መጣራት ነው። ነገር ግን ሕዋሳቱ ቢሞቱም ከበስተኋላቸው ያለው ነርቭ ብዙ ጊዜ በሕይወት ይቀራል። ታዲያ የሞቱትን ሕዋሳት አልፎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ መቀስቀስ አይቻልምን? ይህን ጥያቄ በራሱ አካል ላይ የሞከረው የባትሪ ፈልሳፊ የሆነው አሌሳንድሮ ቮልታ ነው። በ1800 ዓ.ም. ገደማ ሁለት የብረት ዘንጎች በሁለቱ ጆሮዎቹ ውስጥ አግብቶ ከባትሪው ጋር ባገናኛቸው ጊዜ ራሱን በኃይል የመታው መሰለው፤ ቀጥሎም የሚፈላ ነገር የሚመስል ድምፅ ሰማ። ነገሩ አስፈርቶት ሁለተኛ አልሞከረውም።

በ1957 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤይሪዬስ የተባሉት ሊቃውንት የኤሌክትሪክ ሽቦ በአንድ መስማት የተሳነው ሰው የመስሚያ ነርቭ ላይ አኖሩ፤ ሰውየውም እንደ ፌንጣ ጩኸት ያለ ድምፅ ሰማ፤ ንግግርን ግን ሊለይ አልቻለም። በ1961 ዓ.ም. ዊልያም ሀውስ በሎስ አንጀለስ ሥራውን ቀጠለ። በአውስትራልያ ደግሞ አባቱ በመስማት ጉድለት ሲቸገር እያየ ያደገው ግሬም ክላርክ፣ ብዙ ሽቦዎችን በተጠመዘዘው ቧንቧ ውስጥ ሳይጎዱ የማስገባት ችግር ለብዙ ጊዜ ሲያሳስበው ቆየ። በ1977 ዓ.ም. ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ሳለ የሣር ቅጠል በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ሲያስገባ፣ ጫፉ ልል ሥሩ ጠንካራ የሆነው ሣር እስከ ውስጥ ድረስ እየተጠመዘዘ እንደሚገባ ተመለከተ። ሽቦውንም በዚሁ አኳኋን አሠራና በ1978 ዓ.ም. በሜልቦርን የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ፈጸመ። በዚያው ዘመን በቪየና ኢንጌቦርግ ሆክማየርና ባልዋ ኤርዊን ሆክማየር ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ነበር። እስከ 2019 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በዓለም ላይ የተተከሉት መሣሪያዎች 736,900 ያህል እንደ ደረሱ ተመዝግቧል።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። በውጭ ያለው ክፍል ከጆሮ በስተኋላ የሚንጠለጠል ሲሆን ማይክሮፎን፣ ትንሽ የሒሳብ መኪናና ባትሪ አለው። በቆዳ ሥር ያለው ክፍል መልእክት መቀበያና በቀንድ አውጣው ውስጥ የተጋደመ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው እንደ ሠሪው ፋብሪካ ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ የኮረንቲ መስጫ ነጥቦች አሉት። ሁለቱ ክፍሎች በቆዳው ላይና ሥር በማግኔት ተሳስበው ይያያዛሉ፤ ቆዳውን የሚበሳ ነገር የለም። የፖስታ ቤት ጸሐፊ ደብዳቤዎችን በየከተማው ሣጥን እንደሚለያይ ሁሉ፣ የሒሳብ መኪናውም ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ለያይቶ ለእያንዳንዱ ነጥብ ድርሻውን ይልካል፤ ነጥቡም በአጠገቡ ያለውን ነርቭ ይቀሰቅሳል።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሐኪሙ ከጆሮ በስተኋላ ያለውን አጥንት ቦርቡሮ መንገድ ያበጅና ሽቦውን ያስገባል። መሣሪያው ግን በዚያው ቀን አይከፈትም፤ ቁስሉ እስኪድን ጥቂት ሳምንታት ይጠበቃል። ቀጥሎም የመስማት ባለሙያ የእያንዳንዱን ነጥብ ኃይል ለታካሚው በሚስማማው መጠን ያስተካክላል፤ ይህም ማስተካከል በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ በየጊዜው ይደገማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። በ3,500 ሕዋሳት ይነገር የነበረውን መልእክት አሁን 22 ነጥቦች ብቻ ይናገሩታል። የትርጕም ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሰፊ መዝገበ ቃላት ያለውን ቋንቋ ጥቂት ቃላት ወዳሉት ቋንቋ መመለስ ይቻላል፣ ዋናው ምሥጢር ይተላለፋል፣ ጣዕሙ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ቀድሞ ሰምተው ያውቁ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች መሣሪያው በተከፈተ ቀን የሚሰሙት ድምፅ የመኪና ድምፅ ይመስላል ይላሉ፤ ከሳምንታትና ከወራት ልምድ በኋላ ግን ብዙዎቹ ፊት ሳያዩ እንኳ ንግግርን ለመለየት ይችላሉ። ሙዚቃን እንደ ቀድሞው መስማት ለብዙዎቹ አስቸጋሪ ሆኖ ይቀራል። ሌሊት መሣሪያው ሲወልቅም ጸጥታው ይመለሳል።

ጊዜ የሚወስነው ነገር

የንግግር ትምህርት ከልደት አስቀድሞ ይጀምራል። ሕፃን ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ በስድስተኛው ወር ገደማ ድምፅን መስማት ይችላል። ከተወለደ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎሉ የሚሰማውን እያከማቸ የቋንቋን መሠረት ይጥላል። በእነዚህ ዓመታት ድምፅ ያልደረሰው የአንጎል ክፍል ለማየትና ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ኋላም ድምፅ ቢመጣለት የሚያስተናግድበት ስፍራ ያጥረዋል። ስለዚህ ሳይሰማ ለተወለደ ሕፃን መሣሪያው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቢተከል ውጤቱ እጅግ የተሻለ ነው። በሰባትና በስምንት ዓመቱ የሚተከልለት ልጅ ድምፅ መኖሩን ሊያውቅ ይችላል፤ ንግግርን መለየትና መናገር ግን እጅግ ይከብደዋል።

በናይሮቢም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ትልቁ ችግር ይህ ነው። ከተማይቱ ሐኪም አላጣችም። በ1901 ዓ.ም. የተመሠረተው ታላቁ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል በዚያ ይገኛል፤ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ የመሣሪያው ተከላም በከተማይቱ ይሠራል። ነገር ግን ወላጆች የልጃቸውን አለመስማት የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ልጁ መናገር በሚገባው ዕድሜ ሳይናገር ሲቀር ነው። ያን ጊዜም «አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው» ወይም «ወንድ ልጅ ምላሱ ይዘገያል» እየተባለ ሌላ ዓመት ያልፋል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በ1978 ዓ.ም. ዴቪድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ጤናማ ጆሮ ድምፅ ሲሰማ ራሱም እጅግ ቀጭን ድምፅ መልሶ እንደሚያወጣ አገኘ። በዚህ ምክንያት የአንድ ቀን ሕፃን ተኝቶ ሳለ በጆሮው ትንሽ መመርመሪያ ሲገባበት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጆሮው መልስ መስጠቱና አለመስጠቱ ይታወቃል። ሐኪሞች ያወጡት መመሪያ ሕፃኑ በአንድ ወር ውስጥ እንዲመረመር፣ በሦስት ወር ውስጥ ጉዳቱ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ በስድስት ወር ውስጥ እርዳታ እንዲጀመርለት ነው። ማዋለጃ ቤቶችን የሚያስተዳድር ሹም ይህን ምርመራ ቢያቋቁም፣ ለብዙ ቀዶ ሕክምና ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ አብልጦ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ሳይታከም የሚቀር የመስማት ጉድለት ዓለምን በየዓመቱ 980 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያከስር ገልጿል፤ በሕፃናት ላይ ከሚደርሰውም ጉድለት ከመቶ 60 ያህሉን መከላከል እንደሚቻል አስታውቋል።

ለነጋዴ አባት የሚሆን ሒሳብ

አሁን በኢስሊ ሰፈር ሱቅ ያለው አንድ አባት ልጁ እንደማይሰማ ተነገረው እንበል። የመሣሪያው ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ ነው። አባትየው ከዘመድ ተበድሮና ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ሊሰበስብ ይነሣል። ነገር ግን ካሚዮን የገዛ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጎማና መለዋወጫ የማይገኝለትን ካሚዮን መግዛት ገንዘብን በሜዳ ላይ መጣል ነው። መሣሪያውም እንደዚሁ ስለ ሆነ፣ አባትየው ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንደኛ፣ የልጁ የመስሚያ ነርቭ መኖሩ በራጅና በማግኔት ምርመራ ታይቷልን? ነርቭ በሌለበት መሣሪያው ሥራ የለውም። ተራው የጆሮ መሣሪያም አስቀድሞ ተሞክሮ አለመበቃቱ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ መሣሪያውን በየጊዜው የሚያስተካክል ባለሙያ በአቅራቢያ ይገኛልን? ከናይሮቢ ርቆ የሚኖር ሰው የመንገዱንና የማደሪያውን ወጪ በሒሳቡ ማግባት አለበት። ሦስተኛ፣ ባትሪ፣ ገመድና የውጭው ክፍል ሲበላሽ የሚተካው ከየት ነው? የውስጡ ክፍል ለረዥም ዘመን የሚሠራ ቢሆንም የውጭው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለወጡ አይቀርም፤ መሣሪያው በመሳቢያ ውስጥ በተቀመጠበት ወር ሁሉ ልጁ ትምህርቱን ያጣል። አራተኛ፣ ልጁን መስማትና መናገር የሚያስተምረው ማነው? አስተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢያየው የቀረው ሰዓት ሁሉ የእናትና የአባት ነው። ስለዚህ ወላጆች በቤታቸው ቋንቋ፣ አማርኛም ትግርኛም ቢሆን፣ የሚሠሩትን ሁሉ እየጠሩ ዘወትር ሊያነጋግሩት ያስፈልጋል። ከዚህም ጋር መሣሪያ የተተከለለት ልጅ ለማጅራት ገትር ይበልጥ የተጋለጠ ስለ ሆነ ክትባቱ ሊጓደልበት አይገባም።

ስለ ምልክት ቋንቋ

መሣሪያው ለማይስማማው፣ ጊዜው ላለፈበት ወይም ገንዘቡ ላልተገኘለት ልጅ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሕፃን የሚጎዳው ባለመስማቱ ብቻ ሳይሆን ማናቸውም ቋንቋ ሳይኖረው በማደጉ ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። ኬንያ በ2010 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የኬንያን የምልክት ቋንቋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር የፓርላማ ቋንቋ አድርጋዋለች። በእኛም ዘንድ በ1955 ዓ.ም. በከረን ሚሲዮናውያን መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው እንደ ነበረ ይታወቃል። ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በምልክት ቋንቋቸው ተምረው ሥራ ይዘው ይኖራሉ፤ መሣሪያውንም የማይፈልጉ አሉ፤ ፈቃዳቸው ሊከበር ይገባል። መሣሪያ የሚጠባበቅ ልጅም ቢሆን በመካከሉ ምልክት ቢማር ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ወላጅ ዛሬ ማታ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። ሕፃኑ ሳያየው ከበስተኋላው ሆኖ በለሰለሰ ድምፅ ይጥራው። የሦስት ወር ሕፃን በእናቱ ድምፅ ዝም ይላል ወይም ፈገግ ይላል፤ የስድስት ወር ሕፃን ድምፁ ወደ መጣበት ይዞራል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ስሙ ሲጠራ ያውቃል። ካልዞረ ጎረቤት ምን እንደሚል ሳይጠብቅ፣ በጆሮውም ዘይት ሳያፈስ፣ በማግስቱ ወደ ሐኪም ይውሰደው። ነጋዴ ዘንድሮ የከሰረውን ገንዘብ በሚመጣው ዓመት ሊመልሰው ይችላል፤ ሕፃን ግን ሁለተኛ ዓመቱን ሁለት ጊዜ አያገኘውም።